ጋሽ ሀሚዱ ሳይጠይቁ አይሸጡም

መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የጠየቃችሁትን ይሰጣችኋል፤ ሁለተኛው ለምን እንደጠየቃችሁ ይጠይቃችኋል። ይኸ ሁለተኛው በየከተማው አንድ አንድ አለ፤ ከዚያ ቢበዛማ አገር ሥራውን ትቶ መልስ ሲሰጥ ይውል ነበር። ያንዱ ከተማ ቆርቆሮ ይሸጣል፣ የሌላው ዘርና ማዳበሪያ። ለሐይቅ ከተማ የደረሳት የኤሌክትሮኒክሱ ነው፤ ክቡር ጋሽ ሀሚዱ ይባላሉ።

የክቡርነታቸው ሱቅ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ይገኛል። ግራና ቀኙ እስከ ጣሪያ ድረስ በሞቱ ሪሲቨሮችና ስታብላይዘሮች ተሞልቷል፤ መሐል ላይ እሳቸውና አንዲት በርጩማ ብቻ ይቀራሉ። በሩ ላይ «ሀሚዱ ኤሌክትሮኒክስ፦ ጥገና፣ ሽያጭ፣ ምክር» ይላል። «ምክር» የሚለው ከሌሎቹ ገዝፎ ተጽፏል።

አቶ ወልዴ አንድ ቀን ፊውዝ ሊገዙ ገቡ። «ፊውዝ ብቻውን አይሞትም» አሏቸው ጋሽ ሀሚዱ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው እየሰቀሉ፣ «የገደለው አለ። ሲሞት ማን ነበር አጠገቡ?» ሰላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪ ሲመረምሩ የኖሩት መምህር ወልዴ ላብ አጠመቃቸው። «እኔ እንኳ ቤት አልነበርኩም» ብለው እየማሉ ወጡ። ፊውዙን በማግስቱ ሚስታቸው መጥታ ወሰደች፤ እሷም ቢሆን ረፋድ ገብታ ለምሳ አልደረሰችም።

የጋሽ ሀሚዱ ልጅ ስትታጭም ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። የሌላው ቤት ሽማግሌ የሚመላለሰው ለወጉ ነው። የእሳቸው ቤት የተመላለሰው በየጊዜው መልስ እያጣ ሙሽራውን ሊጠይቅ እየሄደ ነው። በመጨረሻ ሙሽራው ራሱ መጥቶ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠና የተጠየቀውን ሁሉ መለሰ። ደህና ትዳር ነው ይባላል።

ሰው ግን ሰው ነውና መላ አበጀ። ጋሽ ሀሚዱ ልጅነታቸውን ያሳለፉት ራዲዮ ሲፈቱና ሲገጥሙ ነው፤ ራዲዮን እንደ ዘመድ ያምኑታል። ለራዲዮ ነው ካላችኋቸው ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቀው ያሰናብቷችኋል። ይኸ ምስጢር ከተማውን አዳረሰ። የውሃ ፓምፕ የተበላሸበት «ለራዲዮ ነው» ይላል፤ የባጃጅ መብራት የጠፋበት «ለራዲዮ»፤ ፍሪጅ የቆመበት «ለራዲዮ»። በእሳቸው ሽያጭ ከሆነ ሐይቅ ውስጥ ለሰው ሦስት ሦስት ራዲዮ ይደርሰዋል።

ዙለይሃም ዋሽታለች። የዋሸችው በራሷ አፍ አይደለም፤ በወንድሟ በዑበይዱላህ አፍ ነው።

ዙለይሃ ሰባት ዓመት ጅዳ ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። እዚያ እያለች ጓደኞቿ በእረፍታቸው ሲተኙ እሷ በስልኳ ኤሌክትሮኒክስ ስታጠና ትውል ነበር፤ ሽቶና ጨርቅ በታጨቀበት ሻንጣዋ ውስጥም ክብሪት የምታህል የቁጥጥር ሰሌዳ ይዛ ገባች። አገር ቤት ስትደርስ ከሞተ ፍሪጅ የእንቁላል ማስፈልፈያ ሠራች። አራት አምፖል ያሞቀዋል፤ ሰሌዳዋ ሙቀቱን እያየች አምፖሉን ታበራለች፣ ታጠፋለች። ሰሌዳዋ በራሷ አምፖል ለማብራት አቅም ስለሌላት ከመሐል ትራንዚስተርና ሪሌ የሚባል በከረንት የሚታዘዝ ማብሪያ ያስፈልጋል፤ ትራንዚስተሩ ሪሌውን ይቀሰቅሳል፣ ሪሌው አምፖሉን። ሪሌውን ዑበይዱላህ ከባጃጁ ዕቃ ውስጥ አወጣላት። ትራንዚስተሩን ጋሽ ሀሚዱ ዘንድ ላከችው። «ለምን ነው ቢሉህ ለራዲዮ ነው በል፤ ከዚያ በላይ እንዳትናገር» አለችው። እሱም አልተናገረም። ባለሦስት እግር ትንሽ ጥቁር ትራንዚስተር በሁለት ጥያቄ ይዞ ወጣ።

ማሽኑ አሥራ ሦስት ቀን ሠራ። በአሥራ አራተኛው ቀን ትራንዚስተሩ ተቃጥሎ እንደበራ ቀረ። ሪሌው አምፖሉን አላጠፋ አለ፤ ዙለይሃ ከገበያ ስትመለስ ቴርሞሜትሩ አርባ አራት ይላል። ከመቶ ሃያ እንቁላል አንድ እንኳ አልተረፈም። «ዙለይሃ ቅቅል ጀመረች አሉ» የሚል ቀልድ ከሐይቅ ተነስቶ ውጫሌ ደረሰ። እሷ ግን ያን ቀን ፍሪጁ አጠገብ ተቀምጣ አለቀሰች።

እንቁላሉ የራሷ አልነበረም። አርዲቦ ሐይቅ ዳር ያሉ ሴቶች ናቸው አምነው የሰጧት። ዶሮዎቻቸው እንዳይታቀፉ ከልክለው፣ ከመሶብ ቀንሰው ሰብስበው የሰጡት ነው፤ ጫጩቱን ሊካፈሉ። የሴቶቹ ዋና እትዬ ለተብርሃን ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ አልተቆጡም፤ አለመቆጣታቸው ነው ዙለይሃን የጎዳት። «አንድ ጊዜ ደግሞ እንሰጥሻለን» አሏት፣ «እስጢፋኖስን፣ ከዚህ ወዲያ ግን ወደ ዶሮዎቻችን ነው የምንመለስ። ዶሮ ቢያንስ አትቀቅልም።»

ሁለተኛው እንቁላል መጣ። መቶ አሥር። እንቁላል ሳይታቀፍ አሥር ቀን ካለፈው ተስፋው ይመነምናል፤ ይኸኛው ቤቷ ከገባ አምስት ቀን ሆኖታል። ዙለይሃ ወንድሟን አልላከችም። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አሰረችና ራሷ ሄደች።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሽ ሀሚዱ። ያ ባለሦስት እግር ትንሹ ትራንዚስተር ይኖራል?»

«ወአለይኩሙ ሰላም። ይኖራል። ለምንድን ነው?»

«ለራ...» የሚለው አፏ ላይ መጥቶ ነበር። መቶ ሃያዎቹ ትዝ አሏትና ዋጠችው።

«ለእንቁላል ነው» አለች።

ጋሽ ሀሚዱ መነጽራቸውን ሰቀሉ። ሱቅ ከከፈቱ ጀምሮ ለእንቁላል ትራንዚስተር የጠየቀ ሰው ገጥሟቸው አያውቅም። «ተቀመጪ» አሏት። በዚያች በርጩማ ላይ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ሐይቅ ያውቃል። ዙለይሃ ተቀመጠች። ሁሉንም ተናገረች፤ ማሽኑን፣ ሴቶቹን፣ አርባ አራት ዲግሪውን። በመጨረሻም፦

«ያን ጊዜም ለእንቁላል ነበር፤ ዑበይዱላህን ለራዲዮ ነው በል ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ። አውፍ ይበሉኝ።»

ጋሽ ሀሚዱ ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ብሎን ሲያንከባልሉ ቆዩ። «ከእኔ የወጣ ዕቃ ነው መቶ ሃያ ነፍስ ያጠፋው?» አሉ ቀስ ብለው።

«እርስዎ ምን አጠፉ? የዋሸሁት እኔ!»

ብሎኑን አስቀመጡ። «ሪሌው ስንት ከረንት ይስባል?» አሏት።

«አላውቅም።»

«እንግዲያስ ሂጂ አምጪው። የሚስበውን ለማላውቀው ነገር ትራንዚስተር አልሸጥም።»

ሄደች፤ አመጣች። ሰሌዳዋስ ብለው መለሷት። ሄዳ አመጣች። አምፖሎቹስ ሲሏት ዙለይሃ ቤቷ ተመልሳ አምፖሉን፣ ሽቦውን፣ አዳፕተሩን፣ ቴርሞሜትሩን፣ ባጠቃላይ ከፍሪጁና ከእንቁላሉ በቀር ያለውን ሁሉ በሳፋ ሞልታ፣ በጠራራ ፀሐይ ተሸክማ መጣችና በርጩማዋ ላይ ዘፍ አለች።

«ከዚህ አልነሳም ጋሽ ሀሚዱ። እስከ አሱር ሶላት ይጠይቁኝ፣ እመልሳለሁ። የማላውቀውን እንለካለን። ሳይሠራ ግን አልሄድም።»

ጋሽ ሀሚዱን እስከዚያ ቀን «ይጠይቁኝ» ያላቸው ሰው አልነበረም። ደስታቸውን ለመደበቅ ጀርባቸውን ሰጧት፤ መለኪያቸውን አነሱ። የባጃጁን ሪሌ ጥቅል ሽቦ ለኩት። ሰማንያ ኦም። ካርቶን ቀደው ጻፉ፤ አሥራ ሁለት ቮልት ሲካፈል ለሰማንያ።

«መቶ ሃምሳ ሚሊአምፔር» አሉ። «ያቺ ትንሿ የምትችለው መቶ ነው። አሥራ ሦስት ቀን መሸከሟም ትልቅ ነገር ነው፤ ነፍሷን ይማር።»

«እንግዲያስ ትልቁን ይስጡኛ!»

ከአሮጌ አምፕሊፋየር የወጣ የብረት ትራንዚስተር አሳዩዋት። «ይኸ ጉልበታም ነው። ግን ሰነፍ ጉልበታም ነው፤ ለመነሳት ራሱ ብዙ ከረንት ይለምናል። ያቺ ሰሌዳሽ ስንት ትሰጠዋለች?»

«ካላስጨነቅናት አሥር፤ ከሃያ በላይ ግን ትሞታለች።»

«ይኸን ከየት አወቅሽ?»

«ጅዳ እያለሁ አንብቤ።»

«ወላሂ?» አሉና አዩዋት። «ታዲያ ይኸን ያወቅሽ ልጅ ሪሌው የሚስበውን እንዴት ሳትጠይቂ ቀረሽ?»

ዙለይሃ ወደ ካርቶኑ ጎንበስ አለች። «ሁለት ትንንሽ ጎን ለጎን ባስርስ?» አለች ይልቅ።

«ሁለት ሰው አንድ ጆንያ ሲያነሳ አይተሽ አታውቂም? አንዱ ይለግማል። የተጋው ይቃጠላል፤ ቀጥሎ የለገመው ብቻውን ይቀርና እሱም ይቃጠላል።» ትንሽ አሰቡ። «የሚሆንሽ አለ። በትንሽ ቅስቀሳ ብዙ የሚሸከም ዓይነት። እኔ ጋ የለም፤ ከአዲስ አበባ ላስመጣ እችላለሁ፤ ሳምንት፣ ምናልባት አሥር ቀን።»

አሥር ቀን! እንቁላሉ ሳምንት የለውም። ዙለይሃ እንዳታለቅስ ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰደደች። ጣሪያው ሥር የስታብላይዘር ክምር አለ። ካቡን አየችው። ደግማ አየችው። ተነሳችና ሳታስፈቅድ አንዱን ጎትታ አወረደች።

«የማን ነው ይኸ?»

«ሙቶ የመጣ ነው፤ ባለቤቱም ከጠፋ ሁለት ዓመቱ። ምን ልታደርጊ ነው?»

መፍቻውን ከጠረጴዛው አንስታ ከፈተችው። ውስጡ ሦስት ሪሌዎች ተደርድረዋል፤ ትንንሽ፣ ሰማያዊ፣ ጀርባቸው ላይ አሥራ ሁለት ቮልት የሚል። ዙለይሃ ያደረገችውን ነገር ሐይቅ እስካሁን ያወራዋል፤ የጋሽ ሀሚዱን መለኪያ ከእጃቸው ላይ ነጥቃ ለካች።

«አራት መቶ ኦም!» አለች። ካርቶኑን ስባ ራሷ አካፈለች። «ሠላሳ ሚሊአምፔር! ጋሽ ሀሚዱ፣ ትልቅ ተሸካሚ ምን ያደርግልናል? ሸክሙን እናቅለው እንጂ! ይኸን ሪሌ ከሆነማ ትንሿም ትችለዋለች።»

ክቡርነታቸው ሪሌውን አንስተው ገልበጥ ገልበጥ አደረጉት። ሲጠይቁ የኖሩ ሰው፣ ይኸን አንድ ጥያቄ እሳቸው አልጠየቁትም ነበር። ወዲያው ግን መጠየቃቸውን ቀጠሉ።

«አምፖሎቹንስ ይችላል?»

«ጀርባው ላይ አምስት አምፔር ይላል። የእኔ አራት አምፖል ተደምሮ አንድ አምፔር ገደማ ነው።»

«ሰሌዳዋ ትራንዚስተሩን የምትነካው በስንት ነው?»

«በአንድ ኪሎኦም ሬዚስተር። አራት ሚሊአምፔር ያህል ይደርሰዋል፤ ለሠላሳው ይበቃል።»

«ማሻአላህ። ዳዮዱስ?»

«የምን ዳዮድ?»

ጋሽ ሀሚዱ ከት ብለው ሳቁ። «ነይ» አሏት። የባጃጁን ሪሌ ከባትሪ ጋር አያይዘው ሁለቱን ጫፍ በሁለት እጇ እንድትይዝ ነገሯት። ያዘች። ምንም የለም። ድንገት ባትሪውን ነቀሉት።

«ያረቢ!» ብላ ዙለይሃ ከበርጩማዋ ዘለለች። ክንዷ ድረስ ነዘራት። «ከአሥራ ሁለት ቮልት ባትሪ?»

«ከባትሪውማ አይደለም። ከጥቅል ሽቦው ነው። ከረንቱን ድንገት ስትቆርጪበት ይቆጣል፤ መሄጃ ካላበጀሽለት ቁጣውን ትራንዚስተርሽ ላይ ነው የሚወጣው። ማሽንሽ ስንት ጊዜ ይበራል ይጠፋል?»

«በየሁለት ደቂቃው።»

«እንግዲህ ያን ያህል ጊዜ ያችን ምስኪን መትቷታል። ሸክሙ አደከማት፣ ዱላው ገደላት።» ከመሳቢያቸው ጥቁር ዳዮድ አወጡ። «መሄጃው ይኸ ነው፤ ጥቅል ሽቦው ላይ ታስሪዋለሽ። ነጯ መስመር ወደ ፕላስ። ከገለበጥሽው ሌላ ለቅሶ ነው።»

አሱር ሳይደርስ ሁሉም ተገጠመ። ሰሌዳዋ አዘዘች፣ ሪሌው ጠቅ አለ፣ አራቱ አምፖሎች ሱቁን አበሩት። ዙለይሃ ትራንዚስተሩን በጣቷ ነካችው፤ ቀዝቃዛ ነው። ልትሄድ ስትነሳ ጋሽ ሀሚዱ «አንድ ሙሉ ቀን ባዶውን ይሥራ፤ ከዚያ በኋላ ነው እንቁላል» አሏት። ለአንድ ቀን ልትሟገታቸው አፏን ከፈተችና ተወችው። ባዶውን አሠራችው።

ከዚያ በኋላ ሃያ አንድ ቀን ነው። ጋሽ ሀሚዱ አንድም ቀን ሊያዩ አልመጡም፤ ሱቅ የሚዘጉት ለጁምዓ ብቻ ነው። ዑበይዱላህ ግን በባጃጁ በደጃቸው ባለፈ ቁጥር ያስቆሙታል። «ስንት ዲግሪ ነው? እንቁላሉን አገላበጠች? ውሃ አስቀመጠች? መብራት ሄዶ ነበር? ስትሸፍነው በምን ሸፈነችው?» በአሥረኛው ቀን ዑበይዱላህ መንገድ ቀየረ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጋሽ ሀሚዱ ሱቅ ሳይከፍቱ በማለዳ የቀየረበት መንገድ ላይ ቆመው ጠበቁት።

በሃያ አንደኛው ቀን ፍሪጁ ውስጥ ጩኸት ተሰማ። እስከ ማግስቱ ከመቶ አሥሩ ዘጠና አንዱ ቅርፊቱን ሰብሮ ወጣ። ዙለይሃ ፍሪጁ አጠገብ ተቀምጣ ደግማ አለቀሰች፤ ይኸኛው ለቅሶ ግን ሳቅ የተቀላቀለበት ነው።

ጫጩቶቹን በቅርጫት አድርጋ ወደ አርዲቦ ልትሄድ ባጃጁ ላይ ስትወጣ፣ ኋላ ወንበሩ ላይ ሰው ተቀምጦ አገኘች። ጋሽ ሀሚዱ ናቸው። የዒድ ኮታቸውን ለብሰዋል። ቀኑ ማክሰኞ ነው፣ ሱቁ ተዘግቷል።

«የት ነው ጋሽ ሀሚዱ?»

«ሴቶቹ ዘንድ። የምናገረው አለኝ» አሉና ቅርጫቱን ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

መንገዱ ኮረኮንች ነው። ጋሽ ሀሚዱ በአንድ እጃቸው ቅርጫቱን ደግፈው «ቀስ በል! ይኸ ጉድጓድ ጥልቀቱ ስንት ነው?» እያሉ ዑበይዱላህን ያስጨንቁታል። ዙለይሃ ከጎን ታያቸዋለች። ጅዳ በኖረችበት ሰባት ዓመት ሥራ ጨረስሽ ወይ ከማለት በቀር አንድ ነገር የጠየቃት ሰው አልነበረም። ተመልሳ ስትመጣም ሰው የጠየቃት ምን ይዘሽ መጣሽ ብሎ ነው። እኚህ ሰው ግን በአንድ ቀን መቶ ጥያቄ ጠይቀው የመቶውንም መልስ ቁጭ ብለው ጠብቀዋል። ሰው ከእሳቸው ለማምለጥ የሚዋሸው ምን አግኝቶ እንደሆነ እንጃ። ወደደቻቸው፤ እንደ አባት ወደደቻቸው።

እትዬ ለተብርሃን ደጃቸው ላይ ነበሩ፤ ሴቶቹም ወሬ ሰምተው ተሰብስበዋል። ቅርጫቱ ሲከፈት እልልታው ሐይቁን ተሻገረ። ጋሽ ሀሚዱ ግን እልልታው እስኪያበቃ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመው ጠበቁ።

«እናንተ ሰዎች» አሉ፣ «የፊተኛውን እንቁላል ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ትራንዚስተሩ ከእኔ ሱቅ ነው የወጣው። ወንድሟ ለራዲዮ ነው ሲለኝ ዓይኑ ውሸት ነበረበት፤ አይቼዋለሁ። ሦስተኛውን ጥያቄ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ሰለቸኝና ተውኩት። በዚች ልጅ አትፍረዱባት።»

«ውሸት ነው!» አለች ዙለይሃ ከኋላ፣ «እትዬ ለተብርሃን፣ አይስሟቸው! የዋሸኋቸው እኔ ነኝ። እውነቱን ብናገር ኖሮ ያን ዕቃ አይሸጡልኝም ነበር።»

«አንቺ ዝም በይ፤ ሻጩ እኔ ነኝ!»

«እርስዎ ዝም ይበሉ! ማሽኑ የእኔ ነው!»

እትዬ ለተብርሃን አንዱን አዩ፣ ሌላዋን አዩ።

«በስመአብ!» አሉ። «በዚህ አገር ጥፋቱ የእኔ ነው የሚል አንድ ሰው ስናጣ ኑረን፣ ዛሬ ሁለት ሁናችሁ ደጄ ላይ ትጣሉ?» ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «ምን ቁማችሁ ታያላችሁ? ግቡና ያላችሁን አምጡ እንጂ!»

ሴቶቹ ወደየቤታቸው ተበተኑ። አንዷ በወንፊት፣ አንዷ በነጠላዋ ጫፍ፣ አንዷ ጤፍ በሞላው ጣሳ ውስጥ ቀብራ እንቁላል እያመጡ ጫጩቶቹ ወጥተው ባዶ በቀረው ቅርጫት ውስጥ ይደረድሩ ጀመር። ጋሽ ሀሚዱ በርጩማ አስመጥተው ቅርጫቱ አጠገብ ተቀመጡና እያንዳንዱ እንቁላል መቼ እንደተጣለ፣ የት ተቀምጦ እንደቆየ፣ የየትኛዋ ዶሮ እንደሆነ አንድ በአንድ ይጠይቁ ጀመር። ሴቶቹም እየሳቁ እውነት እውነቱን ይመልሳሉ። ዙለይሃ ከእግራቸው ሥር መሬት ላይ ቁጭ ብላ ትጽፋለች።